በፅኑ ሕሙማን ክፍል ኢኢጂ ከመቅረጽ በፊት፦ ፀጉሩ፣ መድኃኒቱ፣ ሶኬቱ

ጮቄ ግርጌ (ጥያቄ)

ሰላም ለዚህ ቤት ባለሙያዎች። ጎጃም ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል የፅኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ ነኝ። ለክፍላችን ተንቀሳቃሽ የኢኢጂ (የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚቀርጽ) ማሽን ተመድቦልናል። እኛ እንቀርጻለን፣ ፋይሉን የሚያነብልን የነርቭ ሐኪም ግን ያለው ሌላ ከተማ ነው። ከላክናቸው ቀረጻዎች ብዙዎቹ «አይነበብም፣ ይደገም» እየተባሉ ይመለሳሉ። አንዳንዱ ከዳር እስከ ዳር በ50 ኸርዝ ጫጫታ (ከመብራት ኃይል በሚገባ) ጠቁሮ ይወጣል። በሌላው ደግሞ የግራው ጎን ጠፍጣፋ መስሎ ይታይና ሲደገም ደህና ሆኖ ይገኛል።

የሚተኙልን ሕመምተኞች ዓይነታቸው ብዙ ነው፦ በመኪና አደጋና በጥይት ጭንቅላታቸው የተጎዱ፣ ከቆላ የሚመጡ የአንጎል ወባ የያዛቸው፣ ማጅራት ገትር፣ ኤክላምፕሲያ (ከእርግዝና ጋር የሚመጣ መንቀጥቀጥ)፣ ፀረ ተባይ የጠጡ፣ አልፎ አልፎም መንጋጋ ቆልፍ። ሴቶቹ ብዙ ጊዜ ሹሩባ እንደተሠሩ፣ ቅቤ እንደተቀቡ ነው የሚገቡት። አስታማሚዎችም ጠበል ይዘው ይመጣሉ።

ኤሌክትሮድ (ራስ ላይ የሚለጠፈውን ሽቦ ያለው ጽዋ) ከመለጠፋችን በፊት ምን ምን መሠራት አለበት? ፀጉር መላጨት ግድ ነው? በማስታገሻ ያለ ሕመምተኛ ማስታገሻው ተቋርጦ ነው የሚቀረጸው ወይስ እንዳለ? የ50 ኸርዙን ምንጭ ከየት ጀምረን እንፈልግ? ከፋይሉ ጋርስ ምን ጽፈን እንላክ?

ጣና ዳር (የኢኢጂ ቴክኒሻን)

ሰላም ጮቄ ግርጌ። ከፀጉሩ ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ የሚቆመው እሱ ላይ ነው።

መላጨት አያስፈልግም። ቅቤው ግን መውጣት አለበት፣ ምክንያቱም ቅቤ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። በአልኮል ጥጥ ብቻ ቢጠርጉት ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ይዛወራል እንጂ አይለቅም። መጀመሪያ በደረቅ ጋውዝ ወይም ሶፍት ፀጉሩን እስከ ሥሩ እየጨመቁ ቅቤውን ያስመጥጡት። ከዚያ ለብ ያለ ውሃና ፈሳሽ ሳሙና (የዕቃ ማጠቢያውም ይሆናል) በተነከረ ፎጣ ሁለት ጊዜ ይጠቡ፣ በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁ፣ ፈጽሞ ያድርቁ። ሳፋ ላይ ማንጋለል አይገባም፤ የጭንቅላት ግፊቱ ከፍ ያለ ሕመምተኛ ራስጌው 30 ዲግሪ ያህል ከፍ እንዳለ መቆየት አለበት።

«ያድርቁ» ያልኩት ለይስሙላ አይደለም። የግራው ጎን ጠፍጣፋ መስሎ የታየበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። ሁለት ጎረቤት ኤሌክትሮዶች በውሃ፣ በላብ ወይም በተዝረከረከ ፔስት (ኤሌክትሮዱን ከቆዳ የሚያያይዘው ቅባት) ከተገናኙ ማሽኑ እንደ አንድ ኤሌክትሮድ ያያቸዋል። በመካከላቸው ልዩነት ስለማይኖር መስመሩ ይጠፈጠፋል፣ አንባቢውም «ይህ ጎን ተጎድቷል» ሊል ይችላል። የሚያሳስተው ደግሞ ኢምፔዳንሱ (በኤሌክትሮዱና በቆዳው መካከል ያለው የኤሌክትሪክ መቋቋም) ሲለካ በጣም ጥሩ ቁጥር ማሳየቱ ነው። ስለዚህ ንባቡ እጅግ ዝቅ ሲል፣ በተለይ ከ100 ኦም በታች ሲወርድ፣ ደስ አይበላችሁ፤ ፀጉሩን ገልጣችሁ እዩ።

ሹሩባ ከጠላትነቱ ይልቅ ወዳጅነቱ ያመዝናል። በጉንጉኖቹ መካከል የራስ ቆዳው ተገልጦ ይገኛልና ኤሌክትሮዱን እዚያ መስመር ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። የተለካው ነጥብ ጉንጉኑ ሥር ከዋለ ያን አንዱን ብቻ ይፍቱ። ኤሌክትሮዱን 1 ሴንቲ ሜትር ማንቀሳቀስ ከፈለጉ ግን የተቃራኒውን ጎን ጓደኛውንም በዚያው ልክ ያንቀሳቅሱና ይጻፉት። ይህ ለቁስል፣ ለስፌት፣ ለድሬን፣ ለጭርትም ይሠራል፤ በቁስልና በጭርት ላይ አይለጠፍም፣ አይፈተግምም። የራስ ቅሉ ተከፍቶ የተሠራለት ወይም አጥንቱ የጎደለ ሰው ከሆነ የትኛው ቦታ እንደሆነ ሥዕል ሠርታችሁ ላኩ። ከአጥንት ክፍተት በላይ ያለው ሞገድ ከፍና ሹል ብሎ ስለሚወጣ ያልተነገረው አንባቢ የሚጥል በሽታ ምልክት ሊመስለው ይችላል።

አለካኩ። 10-20 የሚባለው የኤሌክትሮድ ቦታ መለኪያ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1958 በኸርበርት ጃስፐር የታተመ ነው፤ ስሙም ከመቶኛዎቹ የመጣ ነው። የሚያስፈልገው የልብስ ስፌት ሜትርና የሰም እርሳስ ብቻ ነው። በዓይን ግምት የለጠፈ ሰው ግራና ቀኙን እኩል አድርጎ መለጠፍ አይችልም፤ የጎኖቹ መበላለጥ ሁለተኛው ምክንያት ይኸው ነው።

ከአፍንጫ ግንድ ራስ ላይ ካለው ጎድጓዳ እስከ ማጅራት አጥንቱ ጉብታ በመሐል አናት በኩል ይለኩ። 36 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ የመጀመሪያው ነጥብ 10 በመቶ ማለትም 3.6 ላይ ነው። ከዚያ በኋላ 20 በመቶ (7.2) እየጨመሩ ይሂዱ (ስሞቹ የነጥቦቹ ናቸው፤ ዜድ መሐል መስመር፣ ጎዶሎ ቁጥር ግራ፣ ሙሉ ቁጥር ቀኝ)፦ ኤፍ-ዜድ 10.8፣ ሲ-ዜድ 18፣ ፒ-ዜድ 25.2፣ የመጨረሻው 32.4 ላይ። ቀጥሎ ከአንዱ ጆሮ ፊት፣ አፍ ሲከፈት ጎድጎድ ከሚለው ቦታ፣ እስከ ሌላው ጆሮ በሲ-ዜድ ላይ አሳልፈው ይለኩ። እሱም 36 ከሆነ ቲ-3 ከግራው ጆሮ 3.6 ላይ፣ ሲ-3 10.8 ላይ ይውላል፤ በቀኝ ቲ-4 እና ሲ-4 በተመሳሳይ። ሦስተኛው ልኬት ዙሪያው ነው። ዙሪያው 56 ከሆነ ከግንባሩ መሐል ተነስተው 2.8 ላይ ኤፍፒ-1፣ 8.4 ላይ ኤፍ-7፣ 14 ላይ ቲ-3፣ 19.6 ላይ ቲ-5፣ 25.2 ላይ ኦ-1። ኤፍ-3 በኤፍፒ-1 እና በሲ-3 መካከል፣ እንዲሁም በኤፍ-7 እና በኤፍ-ዜድ መካከል እኩል ርቀት ላይ ይቀመጣል፤ ፒ-3 በኋላ በኩል እንዲሁ። ማሽናችሁ ላይ ቲ-7 እና ፒ-7 የሚል ካያችሁ ቲ-3 እና ቲ-5 ናቸው፤ አዲሱ አጠራር ነው። ሪፈረንሱ (ሌሎቹ የሚነጻጸሩበት ኤሌክትሮድ) በሲ-ዜድና በፒ-ዜድ መካከል፣ ግራውንዱ (የማሽኑ የጋራ መነሻ ኤሌክትሮድ) ግንባር መሐል ይሁን። የልብ ምት የሚያሳይ አንድ መስመርም አትርሱ፤ በኋላ ለምን እንደሚጠቅም ታያላችሁ።

ቆዳው እንዲህ ይዘጋጃል። ፀጉሩን በጆሮ ኩክ ማውጫ እንጨት ጅራት ይክፈሉ፣ በአልኮል ይጥረጉ፣ ይድረቅ። በጥጡ ጫፍ ትንሽ የቆዳ መፈተጊያ ጄል ይዘው በነጥቡ ላይ ብቻ አራት አምስት ጊዜ ይፈትጉ። ቆዳው ቀላ ካለ በቂ ነው፤ ደም ካወጣ በዝቷል። የኤሌክትሮዱን ጽዋ በፔስት ሞልተው ይጫኑ፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ካሬ ጋውዝ ከላይ ደርበው በጣት ጫን ይበሉት። ፔስቱ ከጽዋው ጠርዝ እምብዛም አይውጣ። ሲጨርሱ ጭንቅላቱን በጋውዝ ፋሻ ይጠቅልሉ፤ ፋሻው ሥር አንድ ጣት መግባት አለበት። ኮሎዲየን (የኤሌክትሮድ ማጣበቂያ ፈሳሽ) ቢኖራችሁም እዚያ ክፍል እንዳትጠቀሙ እመክራለሁ፤ ኤተር ስላለበት በቀላሉ ይቀጣጠላል፣ አልጋው አጠገብ ደግሞ ኦክስጅን አለ።

ሁሉም ኢምፔዳንስ ከ5 ኪሎ ኦም በታች እንዲሆን ይሞክሩ። እስከ 10 ይታለፋል። ከዝቅታው በላይ ግን ተመሳሳይነቱ ይጠቅማል፦ አንዱ 2፣ ጓደኛው 9 ከሆነ ጫጫታው የሚገባው በዚያ ልዩነት ነው። የማሽኑ መነሻ ቅንብር በሴኮንድ ቢያንስ 256 ናሙና፣ የታች ማጣሪያ 0.5 ወይም 1 ኸርዝ፣ የላይ ማጣሪያ 70 ኸርዝ፣ ስፋት 7 ማይክሮቮልት በሚሊ ሜትር፣ ፍጥነት 30 ሚሊ ሜትር በሴኮንድ።

ዳሞት (የፅኑ ክፍል ነርስ)

ጣና ዳር ያሉት ላይ ከአልጋው ዳር ያለውን ልጨምር።

የኋለኞቹን ኤሌክትሮዶች ለመለጠፍ ጭንቅላት መነሳት አለበት። አንገቱ በኮላር የታሰረ ሕመምተኛን ብቻዎን እንዳያነሱ። በየሁለት ሰዓቱ የምናገላብጥበትን ሰዓት ጠብቁና ሌሎቹ ሕመምተኛውን እንደ ግንድ አንድ ላይ ሲያዞሩት ማጅራቱን ለኩ፣ አጽዱ፣ ኦ-1 እና ኦ-2ን ለጥፉ። ሽቦዎቹ ወደ አናት ተሰብስበው ይውጡ እንጂ ጭንቅላቱ ሥር አይተኙ። ቀረጻው ረጅም ከሆነ በየቀኑ ቆዳውን እዩ፤ የግንባሮቹ ቦታ ቶሎ ይቆስላል፣ የኋለኞቹም ክብደት አለባቸው። የደም ግፊት ማሳደጊያ መድኃኒት ላይ ያለና ያበጠ ሕመምተኛ ከሌላው ቀድሞ ይቆስላል።

ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት ሳክሽን (አክታ መምጠጥ) ይደረግ፣ የቬንቲሌተሩ ቱቦ ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ ይፍሰስ፣ አልጋው የአየር ፍራሽ ካለው ወደማይንቀሳቀስበት ሁኔታ ይዞር፣ የደም ስኳርና የሰውነት ሙቀት ተለክቶ ይጻፍ። የደም ስኳሩን ሳያዩ ኢኢጂ መጀመር አይገባም፤ በስኳር ማነስ የሚመጣው መንቀጥቀጥ መድኃኒቱ ግሉኮስ ነው።

ስለ አስታማሚዎች። ብዙዎቹ ሽቦውን ሲያዩ «በኤሌክትሪክ ሊያደርቁት ነው» ብለው ይሰጋሉ። «ማሽኑ ያዳምጣል እንጂ ምንም አይልክም፤ የልብ ምርመራ እንደሚነሣው ነው፣ ይሄ የአንጎል ነው» ብላችሁ ንገሯቸው፣ ሽቦው ሳይነካ በፊት። ማተቡንና የአንገት መስቀሉን ማውለቅ አያስፈልግም፤ ኤምአርአይ አይደለም። ጠበሉን አትከልክሉ፣ ሰዓቱን ብቻ ተነጋገሩ፦ ኤሌክትሮድ ከመለጠፉ በፊት ወይም ከወለቀ በኋላ፣ ቀረጻው መሐል ከሆነ ደግሞ እግሩ ላይ። ራስ ላይ የተረጨ ውሃ ጣና ዳር እንደጠቀሱት ጎረቤት ኤሌክትሮዶችን ያገናኛል። እናቶች አክብረው ከተነገራቸው ይስማማሉ።

ፀረ ተባይ የጠጣ ሰው ፀጉር ላይ መርዙ ሊኖር ይችላል፤ በጓንት በሳሙና መታጠቡ ለእሱም ለእናንተም መዳኛ ነው፣ ለኢኢጂውም ዝግጅት ነው። እነዚህ ሰዎች በጣም ስለሚያልባቸው መስመሩ ወደ ላይና ወደ ታች በዝግታ ይዋዥቃል። ግንባሩን እየጠረጋችሁ ልብሱን ብታቀሉለት ይሻላል፤ ማጣሪያውን ከፍ አድርጎ መደበቁ ዘገምተኛውን የአንጎል ሞገድም ይወስዳል።

አባይ በር (የነርቭ ሐኪም)

የማስታገሻው ጥያቄ ከሁሉ ስለሚከብድ እሱን ብቻ ልመልስ።

ለኢኢጂ ተብሎ ማስታገሻ አይቋረጥም። ቬንቲሌተር ላይ ያለ፣ የጭንቅላት ግፊቱ ከፍ ያለ፣ ወይም በሲዠር (ከአንጎል የሚነሣ የሚጥል ሁኔታ) ምክንያት ሚዳዞላም ላይ ያለ ሰው ማስታገሻው በድንገት ቢቆም ጉዳቱ ከቀረጻው ጥቅም ይበልጣል። ማቋረጥ ካለበት የሚወስነው ሕክምናውን የያዘው ሐኪም ነው። የእናንተ ድርሻ መጻፍ ነው፦ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ የመጨረሻው የተሰጠበት ሰዓት፣ በፓምፕ ከሆነ በሰዓት ስንት እንደሆነ። ዳያዜፓም፣ ሚዳዞላምና ፊኖባርቢታል ፈጣን ሞገድ ይጨምራሉ። ፕሮፖፎልና ታዮፔንታል በብዛት ሲሰጡ ሞገዱ ብልጭ እያለ የሚጠፋ ይሆናል። ኬታሚንም የራሱን ፈጣን ሞገድ ያመጣል። ወረቀቱ ላይ «ፕሮፖፎል» የሚል ቃል ከሌለ አንባቢው ያን ሞገድ አይቶ አንጎሉ በጣም ተጎድቷል ሊል ይችላል። በዚያ ንባብ ላይ የሚቆመው ውሳኔ ደግሞ የሰው ሕይወት ነው።

የሰውነት መቀዝቀዝም ሞገዱን ያዘገያል። የጉበትና የኩላሊት ሁኔታ፣ ሶዲየም፣ የደም ስኳር፣ ባጭሩ ያላችሁ ሁሉ ይጻፍ።

ጡንቻ የሚያዝል መድኃኒት (ቬኩሮኒየም፣ ሱክሳሜቶኒየም) የወሰደ ሰው ሲዠር ቢኖረውም ሰውነቱ አይንቀጠቀጥም። ፊቱ ሰላም ነው፣ አንጎሉ ግን እየነደደ ሊሆን ይችላል፤ ይህን የሚያሳየው ኢኢጂ ብቻ ነው። ስለዚህ የመጨረሻው መጠን ሰዓቱ በቀይ ይጻፍ።

በዓይን የሚታይ መንቀጥቀጥ 5 ደቂቃ ካለፈ ሕክምናው ይጀመር፤ ኢኢጂ አይጠበቅም። ኢኢጂ አስቸኳይ የሚሆነው መንቀጥቀጡ ቆሞ ሰውየው ሳይነቃ ሲቀር፣ ወይም የንቃት ደረጃው ከጉዳቱ ጋር ሳይመጣጠን ሲወርድ፣ ወይም ዓይኑ ወይም የከንፈሩ ዳር ሳያቋርጥ እርግብግብ ሲል ነው። የማይታይ ሲዠር ሲጠረጠር፣ ሐኪም አጠገብ ሆኖ፣ የመተንፈሻ ዕቃው ተዘጋጅቶ፣ እየተቀረጸ ሚዳዞላም በ1 ሚሊ ግራም ደረጃ መሞከር ይቻላል። ሞገዱ ብቻ መስተካከሉ አይበቃም፤ ሰውየውም መሻሻል አለበት። ሞገዱ ጠፍቶ ሰውየው እንዳለ ከቀረ ውጤቱ አሻሚ ነው ተብሎ ይጻፋል።

ማነቃቂያው ቀረጻው ውስጥ ይካተት። መጀመሪያ 10 ደቂቃ ማንም አይንካው። ከዚያ በሁለቱም ጆሮው ስሙን ጮክ ብላችሁ ጥሩ፤ የሚችል ከሆነ አስታማሚው ይጥራው፣ የሚሰማውን ድምፅና ቋንቋ ያውቃልና። ከአዊ የመጣ ሕመምተኛ በአውኚ ቢጠራ ነው ትክክሉ። ቀጥሎ ማጨብጨብ፣ የዐይን ቆብ መግለጥ፣ የእጅና የእግር ጥፍር ላይ ለ5 ሴኮንድ ጫና። አከርካሪው የተጎዳ ከሆነ ከቅንድቡ በላይ። በእያንዳንዱ መካከል ቢያንስ 30 ሴኮንድ ጸጥታ ይስጡ። ደረት አትፈትጉ፣ ይበልዛል።

አንድ ነገር ብዙ ቀረጻ ያበላሻል፦ ሰዓት። ማሽኑ በፈረንጅ ሰዓት ይሠራል፣ የመድኃኒት ቻርታችሁ ግን በኢትዮጵያ ሰዓት ሊጻፍ ይችላል። ቻርቱ «ሚዳዞላም 4፡42» ካለና ማሽኑ 10፡42 ካለ አንድ ቅጽበት ነው፣ ግን አንባቢው የ6 ሰዓት ልዩነት መሆኑን በምን ያውቃል? ለኢኢጂው ማስታወሻ አንዱን መርጣችሁ፣ የማሽኑን፣ በሱ ብቻ ጻፉ። ቀኑም እንዲሁ። ጥሩ ማስታወሻ ይህን ይመስላል፦ «10፡42 ቀኝ እጅ ጥፍር ጫና 5 ሴኮንድ፣ ፊቱን ጨፈገገ፤ 10፡44 ሳክሽን፤ 10፡47 ነርስ ደረቱን አጨበጨበች።» የመጨረሻዋ መስመር ትንሽ ትመስላለች። ደረት ማጨብጨብ (ፊዚዮቴራፒ) በኢኢጂው ላይ እንደ ሲዠር ያለ ምት ያወጣል፤ ካልተጻፈ ሕመምተኛው ያልያዘው በሽታ መድኃኒት ሊታዘዝለት ይችላል።

ብር ሸለቆ (ባዮሜዲካል)

የ50 ኸርዙ ነገር። መብራታችን 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ የአንጎሉ ሞገድ ደግሞ በማይክሮቮልት ነው የሚለካው። ስለዚህ ሽቦው ያለበት ክፍል ሁሉ ይሰማዋል።

መጀመሪያ የ50 ኸርዙ ጫጫታ የሚያወጣው ጭረት የት እንደሆነ ይዩ። በአንድ መስመር ብቻ ከሆነ ያ ኤሌክትሮድ ላልቷል ወይም ደርቋል፤ ፔስት ጨምሩለት። በሁሉም መስመር ላይ ካለ ግራውንዱን፣ ቀጥሎ ሪፈረንሱን እንደገና ለጥፉ። እነሱ ደህና ከሆኑ ነው ወደ ግድግዳው የሚዞረው። ከዚያ አንድ በአንድ፦ ላፕቶፑን ከቻርጀሩ ነቅላችሁ በባትሪ አስኪዱት። ጭረቱ ከጠፋ ጥፋተኛው ቻርጀሩ ወይም ሶኬቱ ነው። ካልጠፋ የኢንፊውዥን ፓምፖቹን ወደ ባትሪ፣ ኤሌክትሪክ አልጋውን ከሶኬት። ቬንቲሌተሩንና ሞኒተሩን ግን አትንኩ። የኢኢጂ ሽቦዎቹን እንደ ሹሩባ አንድ ላይ ጎንጉኗቸው፣ ከመብራት ገመድ አርቋቸው፤ መሻገር ካለባቸው በመስቀለኛ ይሻገሩ እንጂ ጎን ለጎን አይሂዱ።

ኖች ማጣሪያ (50 ኸርዙን ብቻ የሚቆርጠው) መጨረሻ ላይ ነው የሚበራው። መጀመሪያ ካበራችሁት የላላውን ኤሌክትሮድ ይሸፍንላችኋል፣ ችግሩ ግን ውስጥ ውስጡን ይቀጥላል። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ሲነሣ ደግሞ ድግግሞሹ 50 ላይ ላይረጋ ይችላል፤ ያኔ ለ50 የተቃኘው ኖች ሁሉንም አይይዝም። ርካሽ ኢንቨርተር የሚያወጣው ሞገድም ጥርት ያለ ስላልሆነ እንደ 150 ኸርዝ ያለ ጭረትም ያስገባል። የባትሪ ላፕቶፕ ከሁሉም ይሻላል።

ሶኬት። የጎን ብረት ያለው ሶኬት መሬት ሽቦ አለው ተብሎ ይታመናል፣ ብዙ ጊዜ ግን ብረቱ አለ፣ ከኋላው ሽቦ የለም። ይለካ። ሁለት እግር ያለው ማከፋፈያ መሬት ሽቦውን ይቆርጠዋልና ለሕመምተኛ ማሽን አይሆንም። ጭረት ለማጥፋት ብሎ የመሬት ሽቦ መንቀል ፈጽሞ አይደረግም፤ በተለይ የማዕከላዊ ደም ሥር መስመር ወይም የልብ ምት ማስተካከያ ሽቦ የገባለት ሰው ላይ ትንሽ ያፈተለከ ጅረት እንኳ ልብን ሊያቆም ይችላል። በዚያው ምክንያት ሕመምተኛው ላይ ሁለት የኢኢጂ ግራውንድ አይለጠፍም።

ጮቄ ግርጌ

እጅግ አመሰግናለሁ፣ የሰዓቱ ነገር በትክክል እኛ ጋ ያለ ነው። ሦስት ነገር ቀረኝ። ለስንት ጊዜ እንቅረጽ? በሌሊት አንድ ነርስ ብቻ ስትኖር 21ዱን ኤሌክትሮዶች ሁሉ መለጠፍ አይቻልም፣ ምን ይደረግ? መንጋጋ ቆልፍ ላለበትስ?

አባይ በር

ለአንድ ጊዜ ቀረጻ ከዝግጅቱ ውጪ ቢያንስ 30 ደቂቃ፣ ከተቻለ አንድ ሰዓት። በረጅም ክትትል ከሚገኙ ሲዠሮች ግማሽ ያህሉ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ይታያሉ፣ አብዛኛው ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ። ኮማ ውስጥ ላለ ሰው ግን 48 ሰዓት ድረስ መጠበቅ ይመከራል። ማሽኑ አንድ ስለሆነ 24 ሰዓት የማይቻል ከሆነ በማግስቱ መድገም ይሻላል።

በሌሊት ኤፍፒ-1፣ ኤፍፒ-2፣ ሲ-3፣ ሲ-4፣ ቲ-3፣ ቲ-4፣ ኦ-1፣ ኦ-2 ከሪፈረንሱና ከግራውንዱ ጋር ይለጠፉ። በትንሽ ቦታ የተወሰነ ሲዠር ሊያመልጥ ይችላል፣ ስለዚህ «በአጭር አለጣጠፍ» ብላችሁ ጻፉ፤ ሲነጋ ሙሉው ይሠራል።

መንጋጋ ቆልፍ ላይ ኢኢጂ እምብዛም አያስፈልግም። ሰውየው ንቁ ነው፣ መኮማተሩ ከአንጎል ሲዠር አይደለም፤ ኢኢጂው ላይ የሚታየው የጡንቻ ጫጫታ ነው። ፀጉር መፈተግና ጭንቅላት ማንሳት ራሱ መኮማተሩን ይቀሰቅሰዋል። ግድ ከሆነ ማስታገሻው በቂ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ፣ በጨለምለም ባለ ክፍል፣ ድምፅ ቀንሶ።

ጣና ዳር

የልብ ምት መስመሩ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፦ አንድ ኤሌክትሮድ ላይ ዝግ ያለ ሞገድ ከልብ ምቱ ጥቂት ዘግየት እያለ አንድ ላይ ከተመላለሰ ኤሌክትሮዱ የደም ሥር ላይ ተቀምጧል፤ ትንሽ ፈቀቅ ያድርጉት። ከቬንቲሌተሩ ትንፋሽ ጋር እኩል የሚመጣ ፈጣን ርግብግብታ ካለ ቱቦው ውስጥ ውሃ ተጠራቅሟል። የግሉኮስ ጠብታም አልፎ አልፎ ሹል ነጥብ ይጥላል፤ ጠብታውን ቆጥራችሁ ከመስመሩ ጋር አስተያዩት።

ፋይሉን በኢዲኤፍ (የኢኢጂ ፋይል ቅርጸት) ላኩት። 21 መስመር በሴኮንድ 256 ናሙና፣ እያንዳንዱ 2 ባይት፣ ለ30 ደቂቃ ወደ 19 ሜጋ ባይት ነው፤ በስልክ ኢንተርኔትም ይሄዳል። የ24 ሰዓቱ ግን ወደ 930 ሜጋ ባይት ስለሆነ በሰዓት በሰዓት ቆርጣችሁ ላኩ። የሕመምተኛውን ስም ከፋይሉ አውጥታችሁ የካርድ ቁጥር ብቻ ተዉ።

ስትጨርሱ ኤሌክትሮዶቹ ላይ ፔስቱ እንዳይደርቅ ወዲያው ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፉ፣ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽና በሳሙና ጽዋውን አጽዱ፣ አምራቹ በፈቀደው ፀረ ተሕዋስ በተባለው ደቂቃ ብቻ አቆዩት። በረኪና ውስጥ አሳድሮ መተው ሽፋኑን ይበላዋል፤ ሽፋኑ የተላጠ ኤሌክትሮድ ምንም ቢለጠፍ መስመሩ አይረጋም። መሰኪያውን ውሃ አታስነኩት። ወርቅማውንና ብርማውን ቀላቅላችሁም በአንድ ጭንቅላት ላይ አትለጥፉ፤ ሁለት ዓይነት ብረት በፔስቱ ውስጥ የራሱን ቮልት ይፈጥራል፣ ያም መስመሩን ያንሸራትተዋል።